ዴስክቶፕን የሚተካ የጌም ላፕቶፕ አዲስ አበባ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

4 ኪሎ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ባለ 18 ኢንች የጌም ላፕቶፕ ከያዝኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ጓደኛም ጎረቤትም የሚጠይቀኝ ያው ስለሆነ እዚህ ጻፍኩት።

ይሄ ነገር ላፕቶፕ ነው ዴስክቶፕ?

ሲታጠፍ ላፕቶፕ ነው። ሲሠራ ዴስክቶፕ ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ከዚያ አይነሳም። የእኔው 13ኛ ትውልድ ኮር አይ9፣ 32 ጊጋ ራምና አርቲኤክስ 4080 ግራፊክስ ካርድ አለው። ቀን የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርግበታለሁ። ማታ ጌም እጫወትበታለሁ።

«ታዲያ ዴስክቶፑን ለምን አልገዛህም?» ይሉኛል። ተከራይ ነኛ! በአምስት ዓመት ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። ዴስክቶፕ የነበረኝ ጊዜ ሞኒተሬ ከፍራሽና ከቁምሳጥን ጋር አይሱዙ ላይ ሲንገጫገጭ አይቻለሁ፤ ቤት ስንደርስ መሃሉ ላይ መስመር አውጥቶ ነበር። ይሄኛው ጭኔ ላይ ሆኖ ከሹፌሩ ጎን ይሄዳል።

ይከብዳል? በታክሲ ይዤው መንቀሳቀስ እችላለሁ?

ማሽኑ 3 ኪሎ ያልፋል። ቻርጀሩ ጡብ በሉት፤ ብቻውን ከ1 ኪሎ በላይ ነው። ሲደመር 4 ኪሎ አለፈ ማለት ነው። ሰፈሬም 4 ኪሎ ስለሆነ ቀልዱን ስሰማ ኖሬያለሁ።

በየቀኑ ይዞ መውጣት አይታሰብም። የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ አራተኛ ሆናችሁ ተጠጋግታችሁ ስትቀመጡ የቦርሳው ስፋት ራሱ ከጎረቤት ያጣላል። ደንበኛ ጋ ይዤው ስሄድ የራይድ ሂሳብ ቀድሜ ዋጋው ላይ እጨምራለሁ። አውሮፕላን ላይ ግን ችግር የለውም። ባትሪው 99.9 ዋት ሰዓት የሆነው ለዚሁ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ካቢን ውስጥ የሚገባው ባትሪ ጣሪያው 100 ነው። የአየር መንገዳችን የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ መሆኑን ግን አትርሱ። ላፕቶፕና ቻርጀር ከገባ ለልብስ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ዋጋው ስንት ነው? ከየትስ ይገዛል?

በብር አትጠይቁኝ፤ በዶላር ጠይቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ገበያ ሲለቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ «ጓደኛዬ በዚህን ያህል ገዝቷል» የሚባል ወሬ ከዚያ ቀን በፊት ከሆነ አይረባችሁም። ውጭ አገር እንዲህ ዓይነቱ ማሽን አዲስ ሲሆን ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ነው። እዚህ ሱቅ ላይ የመጓጓዣው፣ የቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ይጨመርበታል።

ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ያሉ ሕንፃዎች ውስጥ ይገኛል። ቴሌግራም ላይም ሞልቷል። የእኔን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ይዛልኝ መጣች። ሰው አምጥቶላችሁ ስትገዙ ዋጋው ይሻላል፤ ሲበላሽ ግን «ሱቁ ይመልስልኝ» የምትሉት ሰው የለም። የጉምሩኩን ነገር ደግሞ መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት አጣሩ፤ ቦሌ ደርሶ መከራከር ያስጠላል።

ለጌም ብቻ ከሆነ ፕሌስቴሽን አይሻልም?

ይሻላል። በተለይ ፊፋ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ። (ስሙ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፤ ግን ማን ይጠራዋል?) በዚህ ላፕቶፕ ዋጋ ፕሌስቴሽን 5ም፣ ደህና ቴሌቪዥንም ትገዛላችሁ፤ ገንዘብ ይተርፋችኋል። ይሄ ማሽን ዋጋውን የሚመልሰው ሥራም ሲሠራበት ነው። ሕንፃ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆች የጌም ላፕቶፕ የሚያሳድዱት ለጌም መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሉሚዮን በሚባለው ፕሮግራም የሕንፃ ዲዛይናቸውን ሬንደር ለማድረግ (ወደ ምስልና ቪዲዮ ለመቀየር) ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ግድ ስለሆነባቸው ነው። ጌሙ እግረ መንገድ ነው፤ ቢያንስ ለወላጅ የሚነገረው እንደዚያ ነው።

ስሙ 4080 ከሆነ ከዴስክቶፑ 4080 ጋር እኩል ነው አይደል?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የዴስክቶፑ 4080 የራሱ 16 ጊጋ ሚሞሪ አለው፤ እስከ 320 ዋት ይወስዳል። የላፕቶፑ 12 ጊጋ ነው፤ ቢበዛ 175 ዋት። 4090 ላይ ልዩነቱ ይብሳል። ዴስክቶፑ 24 ጊጋና 450 ዋት፣ ላፕቶፑ 16 ጊጋና ያው 175 ዋት ነው። ስም አንድ፣ ሥጋው ሌላ።

ከዚህ የባሰ ጉድ አለ። ሁለት ላፕቶፖች አንድ ዓይነት ካርድ ይዘው ፍጥነታቸው ሊለያይ ይችላል። የላፕቶፕ 4070 አምራቹ እንደፈቀደለት ከ35 እስከ 115 ዋት ይሰጠዋል። በቀጭኑ ላፕቶፕ ውስጥ ያለውና በወፍራሙ ውስጥ ያለው በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ ሻጩን «ካርዱ ምንድነው?» ብቻ አትበሉት። «ስንት ዋት ነው?» በሉት። ዝም ካለ ሞዴሉን ጻፉና ቤታችሁ ሄዳችሁ ራሳችሁ ፈልጉ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

እዚህ ጋ ነው ከዴስክቶፕ የሚበልጠው። ዴስክቶፕ መብራት ሲሄድ ድርግም ይላል፤ የሁለት ሰዓት ኤዲት አብሮ ይሄዳል። ይሄ ግን ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ፋኑ ይረጋጋል፣ እናንተ ሥራችሁን ሴቭ ታደርጋላችሁ።

ጌሙ ግን ያበቃለታል። ባትሪ ቻርጀሩ የሚሰጠውን 330 ዋት መስጠት አይችልም፤ ስለዚህ ማሽኑ ራሱን ቆጥቦ ፍጥነቱ ወዲያው ይወርዳል። ቢጎተትም ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት እኔ ስክሪኑን ቀንሼ ከ3 እስከ 4 ሰዓት አገኝበታለሁ። ዩፒኤስ የምትገዙ ከሆነ ለላፕቶፑ ሳይሆን ለዋይፋይ ሳጥኑ ግዙ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው።

መብራት ሲመለስስ? ስታቢላይዘር ያስፈልጋል?

ከመጥፋቱ መመለሱን ፍሩ። ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡት፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ስለዚህ ኃይሉ ቢወርድ ግድ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በሙሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ይፈዛል፤ ላፕቶፑ ግን አያውቀውም። የሚገድለው ኃይሉ በአንዴ ከልክ በላይ ሲመጣ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ክረምት ነበር። ማታ 2 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። እኔ ጌሙን ላለማቋረጥ ብዬ ቻርጀሩን አልነቀልኩም። አራተኛው ላይ ጡቡ «ጧ!» አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም፤ ቻርጀሩ ሞተለት። ከዚያ በኋላ ነው ሥቃዩ የጀመረው። 330 ዋት ቻርጀር ከተማውን ዞሬ አጣሁ። አንድ ሱቅ «አለ፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሸጠልኝ። እጄ ላይ ሳነሳው የበፊተኛውን ግማሽ አይመዝንም። ቤት ወስጄ ስሰካው ጌም እየተጫወትኩ ባትሪው ይወርዳል። ብመልሰው «የተሸጠ ዕቃ አንመልስም» አሉኝ። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ያን ጊዜ ያዳነኝ ከጓደኛ የተዋስኩት 100 ዋት የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ነው። ኤዲት ሠራሁበት፤ ጌም አይነሳ። ሁሉም ሞዴል በዩኤስቢ ሲ አይሞላምና ስትገዙ ጠይቁ።

አሁን ምን አደርጋለሁ? ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያሳልፈውን መከላከያ ገዛሁ። ኃይሉ ከልክ ሲያልፍም ይቆርጣል። ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። መጀመሪያ ላይ ብገዛው ኖሮ ሦስት ሳምንቱ ይተርፈኝ ነበር።

ማሽኑን ስነካው ይነዝረኛል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ሶኬታችሁ ኤርዝ የለውም። የቻርጀሩ ገመድ ሦስተኛ መስመር ያለው በምክንያት ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ያሉ ማጣሪያዎች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ ብረት ያሳልፋሉ፤ ኤርዝ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከሌለ በእጃችሁ ይሞክራል። ባዶ እግራችሁን ሊሾ ላይ ስትቀመጡ ይብስባችኋል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እንደ መኮርኮር ነው የሚሰማው። እንደ መኮርኮር ሳይሆን ቆንጥጦ የሚወረውር ከሆነ ግን ወዲያው ንቀሉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

መሃል ከተማ ያሉ የድሮ ቤቶች ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ሶኬቱ ላይ የኤርዝ ብረት ይታያል፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ሶኬቱ ደህና ሆኖ ባለ ሁለት እግር ዲቫይደር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ዲቫይደሩ ነው፤ ቀይሩት። ገመዱ የአሜሪካ ከሆነ አብዛኞቹ ትልልቅ ቻርጀሮች የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገመድ ይቀበላሉ። እሱ እዚህ የትም አለ፤ ባለ ኤርዙን ግዙ።

ቆጣሪው አይበላም? አከራዬ እያጉረመረሙ ነው።

የእኔዋ አከራይ እትዬም መጀመሪያ እንደዚያ ነበሩ። ቁጭ ብለን አሰላነው። ጌም ስጫወት 300 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በቀን 4 ሰዓት ቢሆን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 36። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው። እትዬ ሁለት ሰዓት ሲጋግሩ የእኔን የአምስት ቀን ጌም ይጨርሳሉ። ይህን ስላቸው ሳቁና «እንጀራውን ግን አንተም ትበላዋለህ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አንድ እውነት አላቸው ግን። ታሪፉ በደረጃ ነው፤ አጠቃቀም ሲጨምር የኪሎዋቱ ዋጋም ይጨምራል። ግቢው በአንድ ቆጣሪ ከሆነ የእናንተ 36 ሁሉንም ወደ ላይኛው ደረጃ ሊገፋ ይችላል። እኔ በወር የተወሰነ ብር እጨምራለሁ፤ ሰላም ሆነ።

በጣም ይሞቃል፣ ይጮሃል። ጤነኛ ነው?

ጩኸቱ ጤነኛ ነው። ጌም ስትከፍቱ ከጎረቤት ጄነሬተር የተነሳ ይመስላል። አንድ ክፍል ውስጥ የሚተኛ ሰው ካለ ጠብ ነው። እናንተስ ሄድፎን ታደርጋላችሁ፤ እሱ ነው የሚቸገረው።

ሙቀቱን በተመለከተ አዲስ አበባ የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ የተነሳ ነው። ፋኑ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ካነሰ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። በሌላ በኩል ቀን ላይ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ አየር ነው የሚስበው፤ ዱባይ በሙቀቱ ወራት 40 ነው። አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል። ዴልና ኤችፒን የመሳሰሉ አምራቾች ለላፕቶፖቻቸው ብዙ ጊዜ 3,048 ሜትር ድረስ ይሠራል ብለው ይጽፋሉ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ አትጨነቁ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ወጥታችሁ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፕሮሰሰሩ ጌም ላይ 90 ዲግሪ አልፎ ቢታይ አትደንግጡ። ኢንቴሎቹ 100 ሲደርሱ ራሳቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ። እኔ ግን ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ከኋላ በኩል ሁለት የሃይላንድ ክዳን አስገብቼ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ከታች አየር ያገኛል። ጌሙ ውስጥ በሴኮንድ የሚታየውን የፍሬም (የምስል) ቁጥር 80 ላይ እገድባለሁ፤ 200 ፍሬም ለዓይኔ ምንም አይጨምርልኝም። ለረጅም ሬንደር ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ የኃይል ማስተካከያው ላይ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ከ100 ወደ 99 በመቶ አወርዳለሁ። አንዷ ፐርሰንት ቀልድ ትመስላለች፤ ግን ተርቦውን (ፕሮሰሰሩ በራሱ የሚጨምረውን ፍጥነት) ታጠፋዋለች። የእኔው ከ95 ወደ 70ዎቹ ወረደ። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ግን በፍጹም።

አቧራውስ? በየስንት ጊዜ ይጸዳል?

በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ሰፈሩ ሲቆፈር በየሁለት ወሩ እከፍተው ነበር። አሁን በየ4 ወሩ። ታጠፋላችሁ፣ ትነቅላላችሁ፣ የታች ክዳኑን ትፈታላችሁ፣ ፋኑን በጣት ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ ታወጣላችሁ። ፋኑ በንፋሱ ኃይል እንዲሽከረከር አትተዉት።

ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀብቶ ሙቀቱን የሚያስተላልፈውን ቅባት) ማስቀየር ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ፕሮሰሰራቸው ላይ በፔስት ፋንታ ፈሳሽ ብረት አላቸው። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ሳያውቅ ጠርጎ የሚያንጠባጥብ ቴክኒሻን ካጋጠማችሁ ማዘርቦርዱን አጣችሁት ማለት ነው። ከመስጠታችሁ በፊት «ሊኩዊድ ሜታል ሠርተህ ታውቃለህ?» በሉት። ፊቱን እዩት።

ጌም ማውረድ እንዴት ትችላለህ? ፒንጉስ?

ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋባይት ያልፋል። ኢንተርኔታችሁ 10 ሜጋ ቢት ከሆነና ሳይቆራረጥ ሙሉውን ከሰጣችሁ 100 ጊጋ 22 ሰዓት ይፈጃል። እኔ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አስጀምሬ እተኛለሁ። ከዚያ የሚሻለው ጓደኛ ነው። ጌሙ ያለው ሰው ፎልደሩን ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ ካደረገላችሁ ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ጌሙን ግን በራሳችሁ አካውንት ልትገዙት ይገባል፤ ስቲም ላይ ደግሞ ብር አይሠራም፤ ዋጋው በዶላር ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ጊፍት ካርድ ሲልክ ነው ነገሩ የሚቀለው።

ፒንግ (መልእክት ጌሙ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) ማሽኑን አይመለከትም። ሰርቨሩ ባሕረ ሰላጤ ወይም አውሮፓ ነው፤ የሚሊዮን ብር ላፕቶፕ ብትገዙም ርቀቱን አያሳጥረውም። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል መሰካት ግን መቆራረጡን በደንብ ይቀንሳል።

ሁሌ ተሰክቶ ከዋለ ባትሪው አይሞትም?

100 በመቶ ላይ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ከዋለ ቶሎ ያረጃል። አብዛኞቹ አምራቾች የራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አስቀምጠዋል፤ እሱን አብሩት። እኔ መብራት የሚበዛበት ሳምንት 80 ላይ፣ መብራት የሚያስቸግርበት ሳምንት 100 ላይ አደርገዋለሁ። የታች ክዳኑ ካበጠ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሳ ባትሪው አብጧል። አጥፉትና አስወጡት።

ስላይትሊ ዩዝድ ስገዛ ምን ልይ?

መጀመሪያ ቻርጀሩን። ማሽኑን ከማየታችሁ በፊት። ጀርባው ላይ ያለውን ቮልትና አምፔር አባዙ፤ 20 ቮልት በ16.5 አምፔር 330 ዋት ነው። ማሽኑ 330 የሚፈልግ ሆኖ ቻርጀሩ 180 ከሆነ ኦሪጅናሉ ሌላ ቦታ ተሸጧል ማለት ነው። ለምን እንደማጠብቅ ከላይ አንብባችኋል።

ቀጥሎ ታስክ ማናጀር ክፈቱና የካርዱን ስምና ሚሞሪ እዩ። የላፕቶፕ 4070 ላይ 8፣ 4080 ላይ 12፣ 4090 ላይ 16 ጊጋ መሆን አለበት። ዊንዶውስ የባትሪውን ሪፖርት ራሱ ያወጣል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን ያለውን አወዳድሩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጌም ይከፈትበት። ሻጩ «እሱ አያስፈልግም፣ እኔ አውቀዋለሁ» ካለ አመስግናችሁ ውጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚጠፋ ማሽን አይቻለሁ፤ ለአምስት ደቂቃ ግን ሁሉም አንበሳ ነው።

ዛሬ ብትገዛ ይህንኑ ትገዛለህ?

ያው ዓይነት እገዛለሁ፤ ይህንኑ አይደለም። 18 ኢንቹ በዝቶብኛል። ባለ 16 ኢንች፣ 4070 ግን ሙሉውን ዋት የሚያገኝ እገዛ ነበር፤ በተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ቻርጀርና ደህና ሞኒተር። ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ቡና ጠጥቼ እመጣለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ ሶኬቱን አሠራ ነበር። የእኔው እስካሁን ኤርዝ የለውም። እትዬ «ከፋሲካ በኋላ እናስገባዋለን» ካሉ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እስከዚያው ጫማ አድርጌ ነው የምጫወተው።